«ታይፎይድ ነው» ተብሎ የሚታለፈው ትኩሳት፦ የደቻቱ ልጅ ደሙን መቼ ያስመርምር?

 

ድሬ ያደገ ሰው ትኩሳትን እንደ ሩቅ ዘመድ ነው የሚቀበለው። ይመጣል፣ ሦስት አራት ቀን ያስተኛል፣ አጥንት ሰባብሮ ይሄዳል። ስሙን የሚጠይቀው የለም። «ምነው ጠፋህ?» ስትባል «ታይፎይድ ይዞኝ ነው አቦ» ትላለህ፣ ወሬው እዚያው ያልቃል። ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግኩት ስሙ ስለማይጠየቀው ስለዚህ እንግዳ ነው።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል የአክስቴን ልጅ ያዘው። ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም። የደቻቱን አሸዋ እየተሻገረ ቀፊራ አንድ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ማክሰኞ ከአስር ሶላት በኋላ ብርድ ብርድ አለው፤ ኢሻ ሳይደርስ ሰውነቱ እንደ ምጣድ ነደደ። ራሱን ከዓይኖቹ በስተኋላ ይወጋዋል፣ ዓይኑን ማዞር እንኳ ያመዋል። ረቡዕ ጠዋት ሰፈር ውስጥ ካለ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድነው። ጣቱን ወግተው ወባ አዩ፤ የለም ተባለ። ከዚያ ከክንዱ ደም ቀዱና ብዙም ሳንቆይ «ታይፎይድም ታይፈስም አለበት» አሉን። መርፌ፣ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ፣ ለቁርጥማቱ ደግሞ ዳይክሎፌናክ። እኛም ደስ አለን። ስም አገኘንለት፣ መድኃኒት አገኘንለት፣ ሌላ ምን እንፈልጋለን?

ቅዳሜ ጠዋት ትኩሳቱ ለቀቀው። አክስቴ «አልሀምዱሊላህ፣ ልጄ ዳነልኝ» ብላ ሾርባ ሠራች። ቅዳሜ ማታ ግን ሆዱን እያመመው ያስመልሰው ጀመር። ለሱብሂ ተነስቶ አፉን ሲጉመጠመጥ ውሃው ቀይ ሆኖ ወጣ፤ ድዱ ይደማል። እጁ ቀዝቅዟል፣ ላብ ላብ ብሎታል፣ ስናናግረውም ቶሎ አይመልስም። በባጃጅ የመንግሥት ሆስፒታል አደረስነው። ተረኛዋ ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችን ሁለት ነገር ነው፦ «ትኩሳቱ የጀመረው በየትኛው ቀን ነው? ምን ምን መድኃኒት ወሰደ?» ዳይክሎፌናክ ስንላት ፊቷ ተለወጠ። ደሙ ሲታይ ፕላትሌቱ፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል፣ በጣም ወርዷል። ለደንጊ የተሠራው ምርመራም አለ አለ። አምስት ቀን ግሉኮስ እየተሰጠው፣ ደሙ በየቀኑ እየታየ ተኛ። በአላህ ፈቃድ ድኖ ወጣ። እኔ ግን ያቺ ቅዳሜ ጠዋት የተሠራች ሾርባ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣችም። ሁላችንም ተሻለው ብለን በተደሰትንባት ሰዓት ነው ልጁ ወደ አደጋው የገባው።

ይህ በድሬ አዲስ ነገር ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። አዲስ አይደለም። ደንጊ በኢትዮጵያ ወረርሽኝ ሆኖ መኖሩ በላብራቶሪ የተረጋገጠው መጀመሪያ እዚሁ እኛ ከተማ ነው፤ መስከረምና ጥቅምት 2006 ላይ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ታመመ። ያኔም መጀመሪያ ላይ ሰው «ያልታወቀ ትኩሳት» ነበር የሚለው፤ ስሙ የታወቀው የሕሙማን ደም ተወስዶ ከተመረመረ በኋላ ነው። ከዚያ ከ2011 ክረምት ጀምሮ ቺኩንጉንያ መጣ። እሱን የማያስታውስ የድሬ ሰው የለም፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አንድ ላይ ነው የወደቀው። አንድ ቤት ውስጥ ውሃ የሚያቀብል እስኪጠፋ ድረስ እናትም ልጅም ጎረቤትም ተኝቶ ነበር። ቃሉ የመጣው ከማኮንዴ ቋንቋ ነው፤ ከታንዛኒያና ሞዛምቢክ ወሰን አካባቢ፤ ሰውን የሚያጎብጥ ማለት ነው። የዚያን ዓመት ሽማግሌዎቻችን ብቻ ሳይሆኑ የሃያ ዓመት ጎረምሶችም ሩኩዕ ወርደው ቀና ማለት አቅቷቸው አይተናል። ስሙ ልክ ነው።

ሦስተኛው ደግሞ በ2014 የበልግ ወራት የመጣው ወባ ነው። ድሬዳዋ በደረቅ ወራት ከሦስት ዓመት በፊት ከነበረው ከአስር እጥፍ በላይ የወባ ሕመምተኛ ታየባት፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማደሪያ ሳይቀር። ተመራማሪዎች መንስኤው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የሚባል ከእስያ የመጣ የወባ ቢንቢ መሆኑን አረጋገጡ። ይህች ቢንቢ በአገራችን መጀመሪያ የታየችው በ2009 አካባቢ ቀብሪደሃር ነው። እንደ ሌሎቹ የወባ ቢንቢዎች ረግረግና ኩሬ አትፈልግም። ከተማ ትወዳለች፣ የግንባታ ውሃ ጉድጓድና በርሜል ትወዳለች። ማለትም የደንጊና የቺኩንጉንያ ቢንቢ ከምትራባበት ዕቃ ውስጥ እሷም ትራባለች።

ይሄን ልብ በሉልኝ፤ የክርክሬ ሥር እዚህ ጋ ነው። ዛሬ ደቻቱ ዳር ያለ አንድ በርሜል ቢያንስ ሦስት ዓይነት ትኩሳት ሊያወጣ ይችላል። ሦስቱም ሲጀምሩ ይመሳሰላሉ፦ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት። አንዱ፣ ወባው፣ መድኃኒት አለው፤ ካልታከመ ይገድላል። ሁለቱ ቫይረሶች ናቸው፤ አንቲባዮቲክ አይነካቸውም። ደንጊ ደግሞ የተለመደው የሕመም ማስታገሻ የሚያባብሰው በሽታ ነው። እነዚህን በዓይን መለየት ቀርቶ በልምድ መለየትም ሐኪምን ያስቸግራል። የሚለያቸው ደም ነው።

«ታይፎይድ» የሚለው ስም ግን እንዴት ነው ሁሉን የዋጠው? ብዙ ክሊኒኮች የሚሠሩት ዊዳል የሚባለውን ምርመራ ነው። ይህ ምርመራ ተህዋሲያኑን ራሱን አያይም። ሰውነት ከዚህ በፊት ከተመሳሳይ ተህዋስያን ጋር ተዋግቶ ያስቀረውን አሻራ ነው የሚያየው። እንደኛ ባለ አገር ደግሞ ያንን አሻራ በደሙ የማይዝ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በሌላ በሽታ የተያዘ ሰውም «ታይፎይድ አለብህ» ሊባል ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ በተሠራ ዊዳል ተማምኖ ውሳኔ መስጠት ትክክል እንዳልሆነ ሐኪሞቹ ራሳቸው ያውቁታል። ይሄን ስል ታይፎይድ የለም ማለቴ አይደለም፣ አለ፣ ይገድላልም። ግን ድሬ ውስጥ በክረምት ማብቂያ ትኩሳት የያዘው ሰው ሁሉ ታይፎይድ ከተባለ አንድ ነገር ተሳስቷል።

አሁን ወደ ምርመራው እንምጣ፤ ብዙዎቻችን የማናውቀው ቀኑ ዋጋ እንዳለው ነው። የደንጊ ቫይረስ ትኩሳቱ ከጀመረበት ቀን አንስቶ እስከ አምስተኛው ቀን ገደማ በደም ውስጥ ይገኛል። በእነዚህ ቀናት ኤን ኤስ ዋን የሚባለው ፈጣን ምርመራ የቫይረሱን ፕሮቲን ይይዛል። ከአራተኛ አምስተኛ ቀን በኋላ ቫይረሱ ከደም እየጠፋ፣ ሰውነት የሠራው መከላከያ ደግሞ እየወጣ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የሚሠራው አይ ጂ ኤም የሚባለው ነው። ስለዚህ በስምንተኛው ቀን ኤን ኤስ ዋን ብቻ ተሠርቶ «የለብህም» ቢባል መልስ አይሆንም። በሁለተኛው ቀን አይ ጂ ኤም ብቻ ተሠርቶም እንደዚያው። ቺኩንጉንያም በመጀመሪያው ሳምንት በፒሲአር፣ ከዚያ በኋላ በመከላከያው ነው የሚታወቀው። ለዚህ ነው ያቺ ሐኪም ከሁሉ በፊት ቀኑን የጠየቀችን። ትኩሳት ሲይዝህ ቀኑንና ሰዓቱን ስልክህ ላይ ጻፍ። «ማክሰኞ፣ አስር ሶላት»፣ ይሄው በቃ። ይህች አንዲት መስመር ግማሽ ምርመራ ናት።

ሌላው ሲቢሲ የሚባለው የደም ቆጠራ ነው፤ አብዛኛው ጤና ተቋም ይሠራዋል። የደንጊ መመርመሪያ ባይኖር እንኳ ፕላትሌቱ እየወረደ፣ ደሙ እየወፈረ መሄዱን በማየት ሐኪሙ አደጋውን ቀድሞ ይደርስበታል። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ መታየት አለበት። «አንዴ ደሜን ሰጥቼ የለም እንዴ?» አትበል።

አንድ ወንድሜ በዚህ ጉዳይ ስንጨቃጨቅ እንዲህ አለኝ፦ «እሺ፣ ደንጊ ነው ተባልኩ። መድኃኒት የለውም ካልክ ለምን ብዬ ገንዘቤን አወጣለሁ? ተኝቼ ፓራሲታሞል አልውጥም?» ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ብዙ ሰው ውስጥ ያለ ጥያቄ ነው፣ በተለይ የዕለት ገቢውን ጥሎ ክሊኒክ የሚሰለፍ ሰው ውስጥ።

መልሴ እነሆ። እውነት ነው፣ የደንጊን ቫይረስ የሚገድል መድኃኒት እስካሁን የለም። ግን ስሙን ማወቅ የምትሠራውንና የማትሠራውን ይለውጠዋል። አንደኛ፣ ወባ አለመሆኑን ታረጋግጣለህ፤ ወባ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱን በጊዜው ታገኛለህ። ሁለተኛ፣ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን አትነካም፤ እነዚህ ደም የመፍሰስን አደጋ ይጨምራሉና። ፓራሲታሞል በልኩ፣ ብዙ ውሃ፣ ኦ አር ኤስ፣ ጭማቂ፣ እረፍት። የማያስፈልግ የአንቲባዮቲክ መርፌም ይቀርልሃል። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥብኛል፦ ትኩሳቱ ሲለቅህ ዳንኩ ብለህ እንዳትዘናጋ ታውቃለህ። ደንጊ የሚከብድባቸው ሰዎች ላይ የሚከብደው በአብዛኛው ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን፣ ትኩሳቱ በሚወርድበት ሰዓት ነው። ያኔ ከደም ሥሮች ፈሳሽ ይሾልካል። ከባድ የሆድ ሕመም፣ የማያቆም ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ ደም፣ ጥቁር ሰገራ፣ መቁነጥነጥ ወይም መፍዘዝ፣ የእጅና እግር መቀዝቀዝ፤ ከእነዚህ አንዱን ካየህ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። በጊዜው ከተደረሰበት ከመቶ አንድ ሰው እንኳ አይሞትም። ካልተደረሰበት ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ደግሞም ደንጊ አራት ዓይነት ነው። በአንዱ የተያዘ ሰው ያንን ዓይነት ዳግመኛ አይፈራውም፤ በሌላው ዓይነት ሲያዝ ግን ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሊከፋ ይችላል። ስለዚህ «ደንጊ ይዞኝ ነበር» ብሎ ለሐኪም መናገር መቻል ትልቅ ነገር ነው። የምርመራ ወረቀትህን ከጋብቻ ወረቀትህ ጋር አስቀምጠው። «የሆነ ትኩሳት ይዞኝ ነበር» ማለት ለማንም አይጠቅምም።

ለራስህ ባይሆን እንኳ ለሰፈርህ ነው። የጤና ቢሮው ወረርሽኝ መግባቱን የሚያውቀው የታመመ ሰው ደም ሲመረመር ነው። ሁላችንም «ታይፎይድ» ተብለን ቤታችን ከተኛን ከተማው የሚያውቀው ሺዎች ከወደቁ በኋላ ይሆናል። በ2015 አፋር ሎጊያና ሚሌ ላይ ደንጊ ሲነሳ አይተናል፤ በጅቡቲ መንገድ የሚመላለሰው ሹፌርና ነጋዴ ደግሞ የእኛው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ሚዛን ልጠብቅ። ወረርሽኙ ከተረጋገጠና ሰፈሩ ሁሉ ከተያዘ በኋላ እያንዳንዱ ሰው የደንጊ ምርመራ ካልተሠራልኝ ማለት የለበትም። መመርመሪያው ውስን ነው፤ ሐኪሙ በምልክቱ ያክምሃል። ያኔም ግን ወባውን መታየትና የአደጋ ምልክቶቹን መጠበቅ አይቀርም። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አረጋዊ፣ ስኳር ወይም ኩላሊት ያለበት ሰው ቅድሚያ ይሰጠው።

ከእኛው ውስጥ የሚነሳ ሌላ ወሬ አለ። «ትኩሳት ወንጀል ያጥባል፣ ሶብር አድርግ፣ ምን ያስሮጥሃል?» ይባላል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ኡሙ ሳኢብን ትኩሳትን እንዳትሰድብ መከልከላቸውና ወንጀልን እንደሚያራግፍ መንገራቸው በሙስሊም ሶሂህ የተዘገበ ነው። አመንን። ግን መስደብን ነው የከለከሉት፣ መታከምን አይደለም። እሳቸው ራሳቸው ትኩሳትን በውሃ እንድናበርድ አዘዋል። ለበሽታ ሁሉ አላህ መድኃኒት ማውረዱን ነግረው ታከሙ ብለዋል። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲሄዱ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ከመንገድ በተመለሱ ጊዜ ከአላህ ቀደር ትሸሻለህ ወይ ተብለው ሲጠየቁ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መመለሳቸውን ሁላችንም በኹጥባ ሰምተናል። ሰበብ ማድረስ ተወኩልን አያፈርስም። ጥቁር አዝሙዱንም፣ ማሩንም፣ ሩቅያውንም አድርግ፤ ግን ደምህን ሰጥተህ አድርግ። እነሱን ይዘህ አምስተኛው ቀን ድረስ ቤት ከቆየህ ጥፋቱ የአንተ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ደጋግመው ስለሚጠየቁ ሁለት ነገር ልበል። ለምርመራ ደም መስጠት ውዱእ ያፈርሳል ወይ? በእኛ አካባቢ በሚሠራበት በሻፊዒይ መዝሀብ ከሁለቱ መውጫዎች ውጭ ከሌላ የሰውነት ክፍል የወጣ ደም ውዱእ አያፈርስም። ጾምስ? አብዛኞቹ ዑለማዎች ሒጃማ እንኳ ጾም አያፈርስም የሚሉ ናቸው፤ ያፈርሳል ካሉትም ብዙዎቹ ለምርመራ የሚወሰድን ጥቂት ደም ከሱ ለይተው ያዩታል። ስለዚህ በረመዷን ትኩሳት ከያዘህ «መግሪብ ይድረስ» ብለህ ምርመራውን አታዘግይ። ደንጊ ከሆነ ደግሞ ውሃ ሳትጠጣ መዋል ራስህን መጉዳት ነው፤ ለታመመ ሰው አላህ በቁርኣኑ አፍጥሮ በሌላ ቀን እንዲከፍል ፈቅዶለታል። የተለየ ሁኔታ ካለህ ኡስታዝህን ጠይቅ።

አሁን ደግሞ ከናንተ የምፈልገውን ልናገር። ክሊኒክና ፋርማሲ ውስጥ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች ብዙ ናችሁ፤ ይህን ገጽ እንደምታነቡም አውቃለሁ። ትኩሳት ብሎ ለመጣ ሰው ዳይክሎፌናክ ከመሸጣችሁ በፊት «መቼ ጀመረህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ምርመራ ከሌላችሁ «እኛ ጋ የለም፣ ሆስፒታል ሂድ» ማለት ነውር የለውም። የሰው ነፍስ አማና ነው።

የመስጂድ ጀመዓዎች ደግሞ፦ ለግንባታ ስንሰበስብ ማንም አይበልጠንም፣ ማሻአላህ። ከዚያው ላይ ትንሽ ለይተን በክረምት ማብቂያ ለታመመ ምስኪን የደም ምርመራ የሚከፍል ሳጥን ብናቆም ምን ይከብደናል? ሰው እኮ ክሊኒክ ሄዶ ዊዳል ብቻ የሚያሠራው ብዙ ጊዜ ለሌላው ገንዘብ ስለሌለው ነው። የሱን ስንፍና ሳይሆን የኪሱን ነገር እናስብ።

በርሜሉን ሳላነሳ ባልፍ ግን ክህደት ይሆንብኛል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ ነን፤ በርሜልና ጀሪካን አትያዙ የሚል ሰው ድሬን አያውቅም። ችግሩ መያዙ ሳይሆን ሳይከደን መቀመጡ ነው። የደንጊዋ ቢንቢ እግሯ ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር ነው፣ የምትነክሰውም በቀን ነው፣ በተለይ ጠዋትና ወደ መግሪብ ሲል። የማታ አጎበር ብቻ ከሷ አያድንም። የታመመ ሰው ግን በቀንም አጎበር ውስጥ ይተኛ፤ እሱን ነክሳ ወደ ሌላው እንዳታዛምት። እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው በላይ የበርሜሉ ግድግዳ ላይ ነው። ውሃውን ብትደፋው እንቁላሉ ደርቆ ለወራት ይቆያል፤ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ደረቅ ነው ብሎ መናቅ ምን እንደሚያመጣ ለደቻቱ ሰው መንገር አያስፈልግም። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ከተራራው የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ነፍስ የወሰደው ቀን ላይ ልጆች ኳስ በሚጫወቱበት ደረቅ አሸዋ ላይ ነው። ስለዚህ በርሜሉ በየሳምንቱ ተደፍቶ ግድግዳው በብሩሽ ይፈተግ፣ ይከደን። ደቻቱ ዳር የተጣለ ጎማና ቆርቆሮ ይነሳ።

ዕቃን ስለመክደን ደግሞ ከጃቢር (ረ.ዐ) በሙስሊም ሶሂህ የተዘገበ ሐዲስ አለን፦ ዕቃዎቻችንን እንድንከድን፣ የውሃ ስልቻውን እንድናስር፣ በዓመት ውስጥ ወረርሽኝ የሚወርድባት ሌሊት እንዳለችና ያልተከደነን ዕቃ እንደማታልፍ። ሐዲሱ ስለ ቢንቢ ነው አልልም፤ ሐዲስን ሁሉ ወደ ሳይንስ እየጎተቱ ማመሳሰሉ አይመቸኝም። ትእዛዙ ግን ግልጽ ነው፣ ክደኑ ነው። ታዲያ የስንቱ መስጂዳችን የውዱእ በርሜል ነው ክዳን ያለው? እኔ የምሰግድበትን ባለፈው ጁሙዓ አየሁት። ክዳን የለውም፤ ስልኬን አብርቼ ወደ ውስጥ ስመለከት እጩ ይርመሰመሳል። ለኢማሙ ነግሬያቸዋለሁ። የፊታችን እሁድ ከሱብሂ በኋላ ብሩሽ ይዘን እንገናኛለን፤ የአክስቴ ልጅም ይመጣል።